ክፉ ቀንን የትኛው የትምህርት ክፍል ያጥናው?

ክፉ ቀን ስለሚባለው፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገራችንን ስለመታው ታላቅ ረሃብ አጥንቶ መጻፍ የፈለገ ተማሪ ከየት ይጀምር? ጉዳዩ ታሪክ ነውና ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይግባ ማለት ይቀናናል። ግን ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት በሽታ ስለሆነ ቢሾፍቱ ወዳለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መውረዱ አይቀርም። ከብቱ ካለቀ በኋላ ሰዉን የፈጀው ረሃብ ብቻ ሳይሆን ወረርሽኝም ነበርና ጥቁር አንበሳ ያሉትን ሐኪሞችም መጠየቅ አለበት። በሽታው በቤት ከብት አልቆመም፤ ጎሹንና አጋዘኑን፣ ቀጭኔውንም ገድሏልና አራት ኪሎ ያሉት የዱር እንስሳት አጥኚዎች ዘንድም ጎራ ይላል። እነዚህ አራት ግቢዎች በአንድ ቀን ተዞረው የሚያልቁ ናቸው። በምርምር በኩል ግን እጅግ ተራርቀዋል፤ በእኔ እምነት የአገራችን የምርምር ሥራ ትልቁ ችግር ይህ መራራቅ ነው።

ክፉ ቀንን ለዚህ ክርክር የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ እሱ ከተጻፉት ጥናቶች ዋነኛው የሆነው የሪቻርድ ፓንክረስት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲታተም የወጣው በሕክምና ታሪክ መጽሔት ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓንክረስት በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነው፤ በትምህርቱም የኢኮኖሚ ታሪክ ሰው ነበር። ይሁንና ስለ ፈንጣጣ፣ ስለ ኮሶ፣ ስለ ፍልውኃ፣ ስለ ገበያና ስለ ሥዕል እኩል ጽፏል። እንዲህ ያለውን ስፋት የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ጉዳዩ ራሱ እየጎተተ ወደዚያ የወሰደው ይመስለኛል። ስለ ረሃብ እየጻፉ በሽታን፣ ስለ በሽታ እየጻፉ በሬን፣ ስለ በሬ እየጻፉ የአገሬውን አኗኗር መዝለል አይቻልም።

ነገሩን ከምፅዋ እንያዘው። ጣሊያኖች ምፅዋን የያዙት በ1885 ነው። በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ከነሷቸው በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ብዙ ጦር አሰፈሩ። ጦር ሥጋ ይበላል፤ ጓዝም ያስጭናል። ለዚህ ተብሎ ከባሕር ማዶ ከመጡት ከብቶች ጋር፣ በሰፊው ተቀባይነት እንዳገኘው አስተያየት ከህንድ በመጡት ከብቶች ማለት ነው፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ ምድሪቱ ገባ። ከሐማሴን ወደ ትግራይ፣ ከትግራይ ወደ በጌምድርና ወደ ሸዋ ወረደ። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር። ሠራዊት በነጋዴ መንገድ እየተጓዘ ከብት ይነዳል፣ ባላገሩም ከብቱን ከሠራዊቱ ያሸሻል። ለበሽታ ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። አሥር ዓመት ሳይሞላ በሽታው የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

የእንስሳት ሐኪሙ የሚነግረን የበሽታውን ጠባይ ነው። ከብቱ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ፈሳሽ ያወጣል፤ ድዱና ምላሱ ይቆስላል፤ ከዚያ ብርቱ ተቅማጥ ይይዘውና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ከዚህ በፊት በሽታውን አይቶ በማያውቅ መንጋ ውስጥ ሲገባ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በክፉ ቀን ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ የሚለው ግምት በብዙ ጥናቶች ተደጋግሞ ይገኛል። ከበሽታው የዳነ ከብት ግን ዕድሜ ልኩን ዳግም አይያዝም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ መቶ ዓመት ቆይቶ በሽታውን ለማጥፋት ካስቻሉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ነገር ግን የከብት ሞት ወደ ሰው ሞት የተሸጋገረበትን መንገድ የበሽታው ጠባይ ብቻ አያስረዳንም። ከብት የሞተባቸው አገሮች ሁሉ እኩል አልተራቡም። ደጋውን የገደለው ሞፈርና ቀንበር ነው። ደገኛው በበሬ ያርሳል፤ ያውም በጥማድ። ድሃ ገበሬ ሁለት በሬ ስለማይኖረው አንዱ ካንዱ መቀናጆ ይገባል፦ አንድ ቀን ያንተን፣ አንድ ቀን የኔን እንረስ ይባባላሉ። ይህን የመቀናጆ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ከብት ቆጣሪው የማያየውን ያያል። አንድ በሬ ሲሞት ሁለት ቤት ሥራ ይፈታል። ከአሥር ዘጠኙ ሲሞትማ በሬው የተረፈለት ገበሬ ራሱ የሚቀናጀው አጥቶ አብሮ ጦሙን ያድራል። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ በዚህ ላይ መጡ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸው በታሪክ ተጽፏል። በበሬ ማረስ የክብር ምልክት በሆነበት አገር ንጉሥ በእጁ አፈር ሲቆፍር ሕዝቡ ምን እንደተሰማው ለመረዳት የደገኛውን ባህል ማወቅ ግድ ይላል። ያለዚያ ድርጊቱ እንደ አንድ ትንሽ ወሬ ታልፎ ይቀራል።

ከዚያ ወረርሽኙ ተከተለ። የተራበ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ጦር ሰፈር ጎረፈ፤ ተፋፍጎ ሲያድር ተስቦ፣ ፈንጣጣና ኮሌራ ተረባረቡበት። ከ1888 እስከ 1892 ባሉት ዓመታት ከሕዝቡ ሦስት እጅ አንዱ አለቀ ይባላል። ቆጠራ በሌለበት አገር የተነገረ ግምት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ቁርጥ ነገር አልይዘውም። ፓንክረስት የሰበሰባቸው የተጓዦችና የሚሲዮናውያን ደብዳቤዎች፣ የአገር ቤት ዜና መዋዕሎችም የሚናገሩት ግን ያንኑ ነው፦ ባዶ የቀሩ መንደሮች፣ ቀባሪ ያጡ አስከሬኖች፣ ሰውን በጠራራ ፀሐይ የሚደፍር ጅብና አንበሳ።

ይህ የአውሬ መድፈር ራሱን የቻለ ምርምር ይገባዋል። አንበሳ ወደ ሰው የዞረው ሰው ስለደከመ ብቻ ነው? ወይስ የሚያድነው እንስሳም በዚያው በሽታ ስላለቀበት? የዱር እንስሳት አጥኚው የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ለጥያቄው መልስ የሚያቀብለን ጥናት ከእኛ አገር ርቆ፣ ታንዛንያ ውስጥ ሴሬንጌቲ ላይ የተሠራ ነው። በሴሬንጌቲ ዙሪያ ያሉት የአርብቶ አደሮች ከብቶች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲከተቡ፣ ማንም ያልከተባቸው፣ ዊልደቢስት የሚባሉት የዱር እንስሳትና ጎሾች ከበሽታው ዳኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበሩት ዊልደቢስቶች በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ ሆኑ። ይህ ሁሉ መንጋ ሣሩን ሲግጠው የሰደድ እሳት ቀነሰ። እሳት ሲቀንስ ችግኝ ዛፍ ሆነ። ዓለም ለረጅም ጊዜ ጥንታዊ የተፈጥሮ መልክ ነው ብሎ ያየው ዛፍ አልባ ሜዳ እንግዲህ በከፊል የበሽታው ቅሪት ነበር። አንድ የከብት ክትባት ደን ያበቅላል ብሎ ያሰበ የእንስሳት ሐኪም በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ተቃራኒውም ሆኗል። ከብቱና የዱር እንስሳው ባለቀበት ቆላ፣ ሰዉም ተርቦ ሲሰደድ፣ ግጦሹ ቁጥቋጦ ወረሰው፤ ቁጥቋጦው የቆላ ዝንብን አስጠለለ፤ ዝንቡ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ይዞ መጣ። ጆን ፎርድ የተባለው ሊቅ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የአፍሪካ ታሪክ በሰፊው አሳይቷል። ሰውና ከብት የማይኖሩበት «ድንግል ምድር» ተብለው ፓርክ የሆኑ ብዙ ቦታዎች ጥቂት አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ ሰው ከብት ሲያግድባቸው የነበሩ ናቸው። ይህን የማያውቅ የፓርክ አስተዳዳሪ ከእረኛው ጋር የሚገባው ጠብ ማብቂያ የለውም፤ እረኛው የሚናገረው አባቱ ከብት ያበላበትን መሬት ነውና።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የደስታ በሽታ ቫይረስ የሰው ልጅ ኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ኩፍኝ ከዚያ ተገንጥሎ ወደ ሰው የተሻገረበትን ዘመን ለማወቅ በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች በ1912 በኩፍኝ የሞተ ሕፃን ሳንባ ፈልገው አገኙ። ሳንባው ከመቶ ዓመት በላይ በፎርማሊን ውስጥ ተቀምጦ በሕክምና ሙዚየም ቆይቷል። ከእሱ ያወጡትን የቫይረስ ዘር ከሌሎቹ ጋር አስተያይተው በ2020 ባሳተሙት ጥናት መለያየቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል አሳዩ። ያ ዘመን ኩፍኝን ሳይጠፋ ሊያኖሩ የሚችሉ ትልልቅ ከተሞች የተነሡበት ጊዜ ነው። ሰው ከብትን ባያላምድ፣ ከተማንም ባይሠራ ኖሮ ኩፍኝ አይኖርም ነበር ማለት ነው። ሙዚየሙን የጠበቁት ሰዎች ዕቃው ለምን እንደሚያገለግል አያውቁም ነበር፤ ግን አልጣሉትም። እኛ አገር በየመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ተቆልሎ አቧራ የሚጠጣውን የሆስፒታል መዝገብና የእርሻ ሪፖርት ሳስብ ይህ ነገር ያሳዝነኛል፤ ያስፈራኛልም።

ታዲያ በሽታው በምን ጠፋ? መጀመሪያ በቤተ ሙከራ። ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በተባለ ቦታ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ዘጠና ጊዜ ያህል እያዛወረ አሳድጎ ጉልበቱን አደከመው። የተገኘው ክትባት ርካሽ ነው፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ከብትም ዳግም አይያዝም። ስለ ምርምር ስፋት ስናገር ጥልቀትን የምንቅ እንዳይመስል ይህ ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው። ዓመታት ሙሉ አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ተክሎ የሠራ ሰው ባይኖር ኖሮ የምንነጋገርበት ነገር አይኖርም ነበር። በ1962 በተጀመረው አህጉራዊ ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት ተከተበ፤ በሽታውም ከብዙ አገር ጠፋ። ዘመቻው በ1976 ሲያበቃ የቀረ መሰለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን እንደገና ተነሥቶ አፍሪካን አጥለቀለቀ።

የተደበቀው መኪና በማይደርስባቸው የአርብቶ አደር አገሮች ውስጥ ነበር፦ በአፋር፣ በደቡብ ሱዳን፣ በካራሞጃ፣ በሶማሌ ቆላ። የፕላውራይት ክትባት በረዶ ይፈልጋል። በረዶ የሌለበት፣ መንገድ የሌለበት፣ መንጋው ውኃ ተከትሎ የሚንቀሳቀስበት አገር በየዓመቱ ሳይከተብ ይቀራል። ዘመቻው ሲሳካ የኖረው መንገድ ዳር ያለውን ያንኑ ከብት ደጋግሞ በመከተብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ቋጠሮ የፈቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ1990 አካባቢ በጄፍሪ ማሪነር መሪነት የተሠራው፣ ሙቀት ችሎ ያለ በረዶ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ነው። ሁለተኛው ክትባቱን ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ አርብቶ አደሩ ራሱ ሆነ።

አፋር ውስጥ በ1994 የሆነውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ማኅበረሰቡ ከመካከሉ የመረጣቸው ሃያ ያህል ሰዎች አጭር ሥልጠና ወስደው ክትባቱን በእግራቸው ይዘው ዞሩ፤ ከ70 ሺህ በላይ ከብትም ከተቡ። ብዙዎቹ የቀለም ትምህርት አልነበራቸውም። ሆኖም የትኛው ጎሣ በየትኛው ወር የት እንደሚሰፍር፣ የማን መንጋ ከማን መንጋ ጋር በየትኛው ኩሬ እንደሚገናኝ፣ ማንን አስቀድሞ ማስፈቀድ እንደሚገባ ያውቃሉ። ለበሽታ መከላከል ከዚህ የበለጠ ካርታ የለም። አፋር ውስጥ ከኅዳር 1995 በኋላ የደስታ በሽታ አልታየም፤ የኢትዮጵያ የመጨረሻው መነሣትም ያው ነበር።

በዚያው ዘመን የእንስሳት ሐኪሞቹ አንድ ሌላ ነገር ተማሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ የነበረው የመጨረሻው የቫይረስ ዝርያ ደካማ ስለሆነ ከብቱን አያጋድምም፤ ዓይኑን ያስለቅሰዋል፣ አፉን ትንሽ ያቆስለዋል፣ ያልፋል። መጽሐፍ ላይ ያለውን ምልክት የሚፈልግ ሐኪም አያየውም። አርብቶ አደሮቹ ግን ለይተው ያውቁታል፤ ከብቱ መቼ እንደሚያነባ፣ ከየት አቅጣጫ ከመጣ መንጋ በኋላ እንደሚታይ፣ አባቶቻቸው ካዩት ከባዱ በሽታ በምን እንደሚለይ ይናገራሉ። አጥኚዎቹ መጠይቅ አስሞልቶ መሄድን ትተው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ማድመጥ፣ መሬት ላይ የግጦሽ መንገድ ማሣል፣ የነገሯቸውን ከቤተ ሙከራ ውጤት ጋር ማስተያየት ጀመሩ። ዛሬ ይህ አሠራር በዓለም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ውስጥ ራሱን ችሎ ይሰጣል። ሥሩ ከባህል አጥኚዎች ሙያ የመጣ ነው፤ ማድመጥን እንደ መረጃ መሰብሰቢያ መንገድ አድርገው ሲሠሩበት የኖሩት እነሱ ናቸውና። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ የሚቀያየረውን የገዳ ዘመን እየቆጠሩ የክፉ ቀኑን መዓት በጥቁር ዝንቦች ስም ያስታውሳሉ። ዐዋቂዎቻቸው የሚያነሡት ቅደም ተከተል ከጽሑፍ ታሪክ ጋር ሊመዛዘን የሚችል ነው።

የመጨረሻው የቫይረሱ ምልክት የተገኘው በከብት ላይ አይደለም። በ2001 ኬንያ ውስጥ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ጎሾች ላይ ነው። እዚህ ላይ የዱር እንስሳት ሐኪሙ ምስክርነት የግድ ሆነ፤ ከብቱ ንጹሕ ነው ማለት ቫይረሱ ጠፋ ማለት አይደለምና ጎሹ፣ ከርከሮውና አጋዘኑ ደም ተወስዶ ተመረመረ። በ2011 ዓለም ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ በሽታ ሲቆጠር ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ምናልባት በሽታው ቢመለስ ተብሎ የሚቀመጠውን ክትባት ከሚጠብቁት የዓለም ተቋማት አንዱ ሆኗል። በሽታው በሀገራችን ላይ ካደረሰው ጥፋት አንጻር ይህ ኃላፊነት ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑ ተገቢ ነው እላለሁ። ይህንን በሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ክፉ ቀን በሚነገርበት ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ማየት እወዳለሁ።

ክፉ ቀን ብቻውን የቆመ ምሳሌ ነው ለሚል ሌላም አለ። ስለ እንዶድ ብዙ ስለተነገረ አሳጥራለሁ። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ሄዶ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በዚያው በአድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 በሆኑ ሕፃናት ላይ 50 በመቶ የነበረው ስርጭት ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዓለም አቀፉ የሳይንስ ማኅበር ግን ለረጅም ዓመታት አላመነውም፤ አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ አጣቢዎቹ ናቸው። እንዶድ ምን ያህል ሲበዛ ልብስ እንደሚያነጣ፣ ፍሬው መቼ ሲለቀም እንደሚያረፋ ለዘመናት ያወረሱት እነሱ ናቸው። ጥናቱ ያለ ቤት እመቤት ዕውቀት አይጀመርም፤ ያለ ቤተ ሙከራም አይጨረስም ነበር።

ባሌም አለ። በ2024 መጨረሻ ቀይ ቀበሮ ከአበባ ማር እንደሚልስ የሚያሳይ ጥናት ታትሞ ዓለምን አስገርሟል። ሥጋ በል የሆነ ትልቅ አውሬ አበባ ለአበባ እየዞረ አፍንጫው በአበባ ዱቄት ቢጫ ሆኖ ሲታይ ማን አይገረም! አፉን በዱቄቱ የቀባው ቀበሮ የንብን ሥራ ሳይሠራ አልቀረም ብለው አጥኚዎቹ ይጠረጥራሉ። ከአጥኚዎቹ አንዱ የሆኑትና ቀይ ቀበሮን ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት ክላውዲዮ ሲሌሮ አበባው ጣፋጭ መሆኑን ያወቁት የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው መሆኑን ተናግረዋል። ልጆቹ ቀድመው ያውቁ ነበር። እዚያው ባሌ ቀበሮዎቹን በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የፈጃቸው ከእረኛ ውሾች የተሻገረው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ቀበሮን ማዳን ማለት ውሻ መከተብ፣ ውሻ መከተብ ማለት ደግሞ እረኛው ውሻውን ለምን እንደሚያሳድግና ለምን እንደማያስር መረዳት ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ የአስቦና የገራ ሰዎች በቄሮ ሥርዓታቸው ጓሳውን ለተከታታይ ዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ በጋራ እያጨዱ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቀውታል ይባላል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ጓሳው ተጎዳ። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ እዚያ የሚታዩት የርስት ሕግ ስለጠበቃቸው ነው። የርስትን ሕግ የሚያጠናው የታሪክ ሰው እንጂ የሥነ ሕይወት ባለሙያ አይደለም።

እንግዲህ በየዩኒቨርሲቲው የምናየው ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ከ1962 ጀምሮ ይታተማል፤ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ከ1963፤ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ከ1966 ጀምሮ አለ። ሁሉም ብርቱ ሥራ ሠርተዋል። ግን አንዱን የሚያነብ ሌላውን አያነብም። የማዕረግ ዕድገት የሚያስቆጥረው በራስ ክፍል ሰዎች ዘንድ የታወቀ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሌላ ክፍል አማካሪ ልያዝ ሲል ፊርማ አሰባስቦ አይዘልቀውም። አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም የአፋርን የግጦሽ ታሪክ ሁለት ዓመት ላጥና ቢል «ይህ ያንተ ሙያ አይደለም» ይባላል። ታሪክ ተማሪው ስለ ቫይረስ ለመረዳት ቤተ ሙከራ ልግባ ቢል የሚያስገባው የለም። ሁሉም ሁሉን ይወቅ እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ሰው ምንም ሳያውቅ ይቀራል። የምለው እያንዳንዱ የራሱን ጠንቅቆ፣ የጎረቤቱን ሥራ ለማንበብና ለመጠየቅ የሚበቃ ያህል ይማር፤ ይህንንም ሲያደርግ ጊዜው እንደ ባከነ አይቆጠርበት ነው።

የገንዘብ ጉዳይም አለ። ለጤና የተሰጠ ዕርዳታ ለጤና፣ ለፓርክ የተሰጠ ለፓርክ ተብሎ ይመጣል፤ ሪፖርቱም እንደዚያው ይጻፋል። ለጋሹ የሚለካውን ነገር ብቻ መለካት ልማድ ሆኗል። ጥናቱ ደግሞ አልቆ ሲታተም በእንግሊዝኛ ነውና መረጃውን የሰጠው አርብቶ አደር ቀርቶ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንኳ አያገኘውም። አማርኛ፣ አፋርኛና ኦሮምኛ ማጠቃለያ ማውጣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህን ማንም የሚከለክለን የለም።

ለምን ይህን ያህል እንደምከራከር አንድ ዛሬ ያለ ጉዳይ ላንሣ። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ የደስታ ዘመድ ነው፤ ዓለም እስከ 2030 ሊያጠፋው ዕቅድ ይዟል። ይህ በሽታ የዱር እንስሳትንም ይገድላል፤ በ2017 ሞንጎሊያ ውስጥ ሳይጋ የሚባሉትን ብርቅ የሜዳ ፍየል መሰል እንስሳት በሺህ ፈጅቷል። የእኛው ዋልያ የፍየል ወገን ነው። ያለው ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ ቁጥሩም በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በፓርኩ ውስጥና ዳር የሚሰማራ በግና ፍየል አለ። ግጭ ይባል የነበረው መንደር ሕዝብ በ2016 ከፓርኩ ወጥቶ ሰፍሯል፤ የግጦሹ ጥያቄ ግን አብሮ አልሰፈረም።

ስለዚህ ክትባቱ መቼ ይጀመር፣ ከየትኛው መንደር ይጀመር? ዋልያ በክረምት ከገደሉ ወጥቶ የት ይግጣል የሚለውን የፓርኩ ሠራተኞች ያውቃሉ። ፍየሎቹ በየትኛው ገበያ እየተሸጡ ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ የደባርቅ ነጋዴ ያውቃል። ሴቷ ፍየልና በግ በማን እጅ እንዳለ፣ መንጋውን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ ለክትባት ከብት የሚወጣው በየትኛው ቀን እንደሆነና በየትኛው በዓል እንደማይወጣ የገጠሩ እናቶችና ካህናት ያውቃሉ። ከፓርኩ ምሥረታ፣ ከ1969 ወዲህ በየጊዜው ማን ከየት ተነሣ፣ ማንስ በምን ተቆጥቷል የሚለውን የታሪክ ሰው ከወረዳው መዝገብና ከሽማግሌ አፍ ሊሰበስብ ይችላል። ቫይረሱን የሚያውቁት ቢሾፍቱ ናቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ቅርብ ነው። የእንስሳት ሕክምናም፣ የታሪክም፣ የሰው ሕክምናም ትምህርት ይሰጣል። እነዚህን ሰዎች በአንድ የጥናት ዕቅድ፣ በአንድ በጀት ሥር አሰባስቦ ወደ ደባርቅ መላክ በዚህ ዓመት ሊደረግ የሚችል ነገር ነው፤ ዋልያው ደግሞ ብዙ የመታገሻ ዓመታት የሉትም።